በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም
ስለ መንግሥት ምርምርና ስለ ተመራማሪው ነፃነት




ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂና በጎሮ በኩል ወደ ቦሌ አራብሳ የሚጓዝ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት በር ያያል። አንደኛው ዓለም የሚገባበትና የሚወጣበት፥ በመስታወት ያሸበረቀ በር ነው። ሁለተኛው ቧንቧው ሲደርቅ ቢጫ ጀሪካን የሚደረደርበት የድሀ ደጅ ነው። ዛሬ የምንጽፈው አንደኛው በር እንዳይዘጋ ተብሎ በሁለተኛው ደጅ ላይ ስለ ተፈጸመው ነገር ነው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ብዙዎቻችን ገና ልጆች ነበርን። ቢሆንም የዚያን ጊዜውን ማስታወቂያ አልረሳነውም። «እጃችሁን ታጠቡ፤ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፤ አተት ገብቷል» ይባል ነበር። አተት ምንድን ነው? ብለን እናቶቻችንን ስንጠይቅ «በሽታ ነው» ከማለት በቀር የሚመልስልን አላገኘንም። ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተን ተማርንና ገባን። አተት ማለት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ይህ ደግሞ የበሽተኛው ሁኔታ እንጂ የበሽታው ስም አይደለም። አንድ ሰው ሞቶ «ምን ገደለው?» ቢባል፥ «ትንፋሹ ቆመ» ብሎ እንደ መመለስ ያለ ነው።

እርግጥ ነው፤ ተቅማጥ ሁሉ ኮሌራ አይደለም። ሐኪም በሽተኛውን ባየ ጊዜ፥ ምርመራው እስኪደርስ ድረስ፥ «አጣዳፊ ተቅማጥ» ብሎ ቢመዘግብ ትክክል ሠራ እንጂ አልተሳሳተም። ላቦራቶሪ የተሠራው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ነው። ላቦራቶሪው ጀርሙን አይቶ ስሙን ካወቀ በኋላ፥ መግለጫው ግን ያው የመጀመሪያውን ቃል ይዞ ከቀረ፥ ያን ጊዜ ነገሩ ከሕክምና ወጥቶ ሌላ ነገር ሆነ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ከዚያም በ2008 እና በ2009 ዓ.ም.፥ ሐኪሞችና የውጭ ጋዜጦች ኮሌራ ነው ሲሉ፥ መንግሥት ግን አተት በሚለው ስም ጸንቶ ቆይቷል። ስሙ ፍጹም ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ እውነት ነበር። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይከፋል፤ ለመያዝ ያስቸግራልና።

ይህ ለምን ሆነ? ምክንያቱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ቦሌ ቆሞ ማየት ይበቃል። ኮሌራ የተባለ እንደ ሆነ ጎብኚው ይሸሻል፥ ነጋዴው ይጠራጠራል፥ የአገሪቱ ገጽታ ይበላሻል ተብሎ ተፈራ። በሩ እንዳይዘጋ ቃሉ ተዘጋ። ኮሌራ ግን ገጽታ አያውቅም። የያዘውን ሰው ውሃውን ከሰውነቱ አሟጦ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ጨውና ስኳር ያለበት ውሃ ብዙውን ሰው ያድነዋል። እንግዲህ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ወሬው የደረሰበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ኮሌራ መሆኑን ያወቀች እናት ልጇን ታቅፋ ትሮጣለች፤ «ተቅማጥ ነው» የተባለች እናት ግን ዳማከሴ ጨምቃ እስኪነጋ ትጠብቃለች። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓለም ሁሉ የተከማቸ የኮሌራ ክትባት አለ፤ ኮሌራ የለብኝም የሚል አገር በምን አፉ ይጠይቃል?

ከዚያስ ምን ሆነ? በ2011 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በሽታውን በስሙ ጠርቶ ኮሌራ አለው። ሰማይ ወደቀ? ቦሌ ተዘጋ? አውሮፕላኖቹ እንደ ወትሮው ሲነሡና ሲያርፉ ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ዓመት የተጠበቀው ምንድን ነበር? ይህን ጥያቄ እኛ ጠይቀን የምንተወው አይደለም።

ወገኖቻችን ሆይ፤ ነገሩን የአንድ መንግሥት ወይም የአንድ ሚኒስትር ኃጢአት አድርገን ብናየው እንሳሳታለን። በአገራችን መንግሥት ተለዋውጧል፤ ይህ ልማድ ግን ከወንበሩ ጋር አብሮ ሲወረስ ኖሯል። ማን ይናገር የነበረ፥ ማን ያርዳ የቀበረ እንደሚባለው፥ በዚህ ጉዳይ የኛ ዩኒቨርሲቲዎች ነባር ምስክሮች ናቸው።

በ1965 ዓ.ም. መጀመሪያ የእርሻ ሚኒስቴር ባለሙያዎች፥ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እየረዳቸው፥ የሰብሉን ሁኔታ መርምረው በወሎና በሌሎችም ቦታዎች አዝመራው መጥፋቱን ጽፈው አቀረቡ። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ መሳቢያ ገባ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያዩትን ፎቶግራፍ አንሥተው መጡና በግቢው ውስጥ ለእይታ አቀረቡት። ተማሪው አይቶ ዝም አላለም። ሹማምንቱ ግን ዝም አሉ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ፊልሙን ለአገሩ ሕዝብ ካሳየ በኋላ ዓለም ሁሉ ሰማ። ያው ፊልም፥ ደርግ ከራሱ ሥዕል ጋር ቀጣጥሎት፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ከመሳቢያ ያልወጣው ወረቀት መንግሥቱን ይዞት ወደቀ። የሞቱትን ሰዎች ዝቅተኛው ግምት በአሥር ሺሖች፥ ከፍተኛው በመቶ ሺሖች ይቆጥራቸዋል። ቁጥሩ እስከ ዛሬ አለመታወቁ ራሱ የክሱ አንድ ክፍል ነው።

አማርትያ ሴን የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ ይህንኑ የወሎን ረኃብ መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ በዚያ ዓመት በመላው ኢትዮጵያ የነበረው የምግብ ምርት ያን ያህል ወርዶ እንዳልነበረ አሳይቷል። የወሎ ገበሬ የጠፋው ምግብ የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው፤ ችግሩን የሚያውቁትም ስላልተናገሩለት ነው ብለን እኛ እንጨምርበታለን።

ደርግስ ከዚህ ተማረ? የእርዳታና የማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያው ረኃብ በኋላ ነበር። ኮሚሽኑ በ1976 ዓ.ም. የሚመጣውን አይቶ ለዓለም እርዳታ ጥሪ አቀረበ። ዳሩ ግን መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የሚከበርበት ወር ነበረና አዲስ አበባ በቀይ ጨርቅ አሸብርቃ ሰልፍ ታይባት ነበር። በሚቀጥለው ወር ከኮረም የተላከው የቢቢሲ ሥዕል ለዓለም ታየ። ለሁለተኛ ጊዜ የራሳችንን ሞት ከውጭ ሰው አፍ ሰማን። የሚያውቁ ኢትዮጵያውያን ነበሩን፤ የሚያውቁትን በጊዜው ወደ ሕዝብ የሚያደርስ ሕግ ግን አልነበረንም።

ከረኃብ ወደ ቆጠራ እንለፍ። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው 3ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለምክር ቤት ሲቀርብ፥ የአማራ ክልል ሕዝብ ከተገመተው በ2.4 ሚሊዮን ያህል አንሶ ተገኘ። የምክር ቤት አባላት ጠየቁ፤ መልስ ተሰጠ፤ መልሱ ግን ሁሉን አላሳመነም። ግምቱ ነበር የተሳሳተው ወይስ ቆጠራው? እኛ በዚህ ላይ አንፈርድም። የምንለው ሌላ ነው። ቆጣሪው የአስቆጣሪው ታዛዥ እስከ ሆነ ድረስ፥ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚያምነው አያገኝም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፤ 4ኛው ቆጠራ ግን በ2010 ዓ.ም. መደረግ ሲገባው ደጋግሞ ተላልፏል። የጸጥታው ሁኔታ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ቁጥር የጠብ መነሻ የሚሆነው መቼ ነው? መዛኙ ካልታመነ ነው።

አሁን ወደ ቦሌ እንመለስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጧት ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፥ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ከ5 ወር በፊት በኢንዶኔዥያ የወደቀው ተመሳሳይ አውሮፕላን ሲጨመር የሟቾቹ ቁጥር 346 ሆነ። ምርመራው ምን አሳየ? የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚደፋ መሣሪያ ነበረ፤ አብራሪዎቹም በሚገባ አልተነገራቸውም። ይህን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ብዙውን የማረጋገጥ ሥራ ለአምራቹ ለቦይንግ ሠራተኞች ሰጥቶት ነበር። ራሱን የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑን ሲያጎድል ያየነው በድሀ አገር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በሰው ላይ ስንፈርድ የራሳችንን አንርሳ። የኛ መርማሪ ቢሮ የመጨረሻውን ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ባወጣ ጊዜ፥ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች አስተያየታችን እንደ ደንቡ ሙሉ በሙሉ አልተያያዘም፥ ስለ አብራሪዎቹ አሠራርም በቂ ትንታኔ የለም ብለው ተቃወሙ። የመሣሪያው ጥፋት ዋና መሆኑን እነርሱም አልካዱም። ማን ትክክል ነው? ሊቃውንቱ ይከራከሩበት። እኛን የሚያሳስበን መርማሪው ቢሮ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ሥር መሆኑ፥ አየር መንገዱም የመንግሥት ንብረት መሆኑ ነው። የምንወደውና የምንኮራበት አየር መንገድ ስለሆነ ብቻ እውነት የተናገረውን መርማሪያችንን ሰው ቢጠራጠረው ምን እንመልሳለን? ነፃ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ከማንም ይልቅ የሚጠቀመው አየር መንገዱ ራሱ ነበር።

እንዲሁም የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለጤና ሚኒስቴር፥ የስታቲስቲክስ አገልግሎት ለፕላንና ልማት ሚኒስቴር፥ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠሪ ናቸው። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሌት ተቀን የሚደክሙ ቅን ባለሙያዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ብዙዎቹ ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ክርክራችን ከእነርሱ ጋር አይደለም፤ ለእነርሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ከቤታችን እናምጣ። ከመካከላችን አንዱ በክረምት ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተልኮ ነበር። ከሰፈር ጉድጓዶች የተቀዳ ውሃ እየመረመሩ ይመዘግባሉ። አንዱ ጉድጓድ መበከሉ ታየ። ልጁም ያየውን ጻፈ። ወረቀቱ «እንደገና ይታይ» ተብሎ ተመለሰ። እንደገና አየና ያንኑ ጻፈ። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ጠርተውት «ልጄ፥ እኔም በአንተ ዕድሜ እንዲህ ነበርሁ፤ አምስት ልጅ አለኝ» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያ ወረቀት የት እንደ ገባ አናውቅም። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉው ነገር፥ እውነት ለመናገር የአምስት ልጆችን እንጀራ በመያዣነት ማስያዝ የሚጠይቅ አሠራር ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ወንበር ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን?

በውጭ አገር የሆነውንም እንመልከት። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ ሊቅ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ፥ ራስ ተፈሪንም አግኝቶ፥ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዘር ሰብስቦ ሄዷል። ኢትዮጵያ ከዓለም የእህል ዘር መፍለቂያዎች አንዷ መሆኗን ካስታወቁት ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ እርሱ ነው። በኋላ ግን ስታሊን ሊሴንኮ የተባለውን፥ የሚወደደውን ብቻ የሚናገር ሰው አልቆ፥ ቫቪሎቭን በ1940 እ.ኤ.አ. አሳሰረው። ረኃብን ለማጥፋት ዘር ሲሰበስብ የኖረው ሰው በ1943 እ.ኤ.አ. በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በቅርቡም በግሪክ አገር፥ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው አንድሬያስ ጊዮርጊዩ፥ የመንግሥቱን የበጀት ጉድለት በትክክል በማስላቱ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። በአሜሪካም ለመንግሥት ተመራማሪዎች ነፃነት የሚቆም ረቂቅ ሕግ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደጋግሞ ለምክር ቤት ቢቀርብም፥ ሳይጸድቅ ዓመታት አልፈዋል። በሽታው የሁሉ መሆኑን እንወቅ፤ የሁሉ መሆኑ ግን ለኛ መጽናኛ አይሁነን።

የሚቃወሙን ሰዎች ምን እንደሚሉ እናውቃለን።

«ሕዝቡ ይደነግጣል» ይላሉ። ሕዝቡ የሚደነግጠው ጎረቤቱ ሲሞት አይቶ ምክንያቱን የሚነግረው ሲያጣ ነው። የተነገረው ሕዝብ ውሃውን ያፈላል፤ ያልተነገረው ሕዝብ ወሬ ያፈላል።

«ጠላት መሣሪያ ያደርገዋል» ይላሉ። ጠላት መሣሪያ የሚያደርገው ተሸሽጎ የተገኘውን ነው። ራሳችን የተናገርነውን ማንም ሊያጋልጠን አይችልም።

«ተመራማሪው ቢሳሳትስ?» ይላሉ። ይሳሳታል፤ ሰው ነውና። ስሕተቱን የሚያርመው ግን መረጃውን አይቶ የሚመረምር ሌላ ተመራማሪ ነው እንጂ፥ መረጃውን ሳያይ የሚሰርዝ ሹም አይደለም።

«ሕግ አለን» ይላሉ። እስቲ ያሉንን ሕጎች እንቁጠር። የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 ዜጋው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ መኖሩን የማያውቀውን ወረቀት ማን ይጠይቃል? የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ 699/2003 ከባድ ወንጀል ለሚጠቁም ሰው የወጣ ነው፤ «የጉድጓዱ ውሃ ተበክሏል» ብሎ ለጻፈ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አልታሰበም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1185 ሐሰተኛ መረጃ የሚያሠራጨውን ይቀጣል፤ መልካም ነው እንበል። እውነተኛውን መረጃ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፈውን በግልጽ የሚቀጣው አዋጅ ግን የት አለ? ፈልገን አላገኘንም።

ስለዚህ የሚከተሉትን የያዘ አዋጅ እንዲወጣ እንጠይቃለን።

1ኛ፤ የጤና፥ የስታቲስቲክስ፥ የሜትሮሎጂ፥ የእርሻ ምርምርና የአደጋ ምርመራ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፥ በሙያቸው ተመርጠው፥ ለተወሰነ ዘመን ይሾሙ፤ ዘመናቸው ሳያልቅ ያለ ግልጽ ጥፋት አይሻሩ።

2ኛ፤ የሕዝብን ጤናና ምግብ የሚነካ ውጤት በተወሰነ ቀን ውስጥ በተመራማሪው ስም ይውጣ። ሚኒስትሩ አስተያየት ካለው ከሥሩ ይጻፍ፤ ከላይ ያለውን ግን አይሰርዝ።

3ኛ፤ ያገኘውን በመጻፉ ተመራማሪው ከሥራ እንዳይወጣ፥ ሩቅ ቦታ እንዳይዛወር፥ እድገትና የትምህርት ዕድል እንዳይከለከል ሕግ ይጠብቀው።

4ኛ፤ የሰዎች ስምና ምስጢር ተጠብቆ፥ የምርምሩ ጥሬ መረጃ በአዋጅ 783/2005 በተቋቋመው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚና በዩኒቨርሲቲዎች ይቀመጥ፤ የሚጠራጠር ሁሉ ገብቶ ይመርምር።

5ኛ፤ ይኸው ሕግ በተመራማሪውም ላይ ይጽና፤ ያላየውን አየሁ፥ ያልለካውን ለካሁ የሚል ይቀጣ።

ይህን አምስተኛውን ስንጽፍ እጃችን መንቀጥቀጡን አንደብቅም። በየግቢያችን ዙሪያ ባሉት የፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ቤቶች የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ ሸቀጥ እየተሸጠ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ አለ? መጠይቁን ጥላ ሥር ተቀምጦ ራሱ የሚሞላ ጓደኛ የለንም? አይተው እንዳላዩ የሚያልፉ መምህራንስ የሉም? ዛሬ 50 መጠይቅ በአንድ ሌሊት የሞላ እጅ፥ ነገ የአንድን ወረዳ ረኃብ በአንድ መስመር መሰረዝ አያቅተውም። ከመንግሥት እውነት የምንጠይቅ ከሆነ፥ ከራሳችን ደብተር እንጀምር።

የተከበራችሁ መምህራን፤ «እኛ ሊቃውንት ነን፤ ፖለቲካ አይመለከተንም» የምትሉ አላችሁ። የቴርሞሜትሩን ንባብ እንዳለ መጻፍ ፖለቲካ አይደለም። ንባቡን ለጌታ ደስታ መለወጥ ግን ፖለቲካ ነው፤ ያውም የከፋው። በ1965 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ይዘው ከወሎ የተመለሱት መምህራን ያደረጉት ያዩትን አየን ማለት ብቻ ነበር። እናንተም በዚሁ ጉዳይ በየትምህርት ክፍላችሁ ተወያይታችሁ አቋማችሁን በጽሑፍ እንድትሰጡን እንለምናለን። ማኅበራችንም ከሕግና ከጤና ተማሪዎች ጋር ሆኖ እነዚህን አምስት ነጥቦች ረቂቅ አድርጎ ለምክር ቤቱ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኮሌራ እስኪነጋ አይጠብቅም። በዚህ ክረምት በአንዱ ደጅ ጀሪካኑን ደርድራ የምትጠብቀው እናት የበሽታውን ስም የመስማት መብት አላት፤ ልጇ ከመሞቱ በፊት።